ሁለተኛው ሲሊንደር

ጠዋት ስትነሳ ምንም የላትም። ከኮተቤ ተነስታ መገናኛ እስክትደርስ እንደ ሰዓት ነው የምትሠራው። ከመገናኛ ቦሌ፣ ከቦሌ ሜክሲኮ ሁለት ሦስት ሰው ካመላለሰች በኋላ ግን መብራት ላይ ስትቆም መንዘፍዘፍ ትጀምራለች። መሪው እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ብርቱካናማ የሞተር ምልክት ብልጭ ድርግም ትልና በርታ ትቀራለች። ከኋላ የተቀመጠችው ተሳፋሪ ስልኳን ዝቅ አድርጋ "መኪናው ደህና ነው?" ትላለች። ሹፌሩ "ደህና ነው እህቴ፣ ቤንዚኑ ነው" ብሎ ይመልሳል። ቤንዚኑ እንዳልሆነ ያውቃል። ሦስት ወር ሙሉ መጥፎ ቤንዚን አይቀዳም።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ2004 ስሪት ቶዮታ ያሪስ ናት። 1300 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር፣ ከአውሮፓ ያገለገለች ሆና የገባች። ሹፌሩ አርባን ያለፈ የሁለት ልጆች አባት ነው። ግማሹን ከዘመድ ተበድሮ፣ ግማሹን ሚስቱ ከጣለችው እቁብ አውጥቶ ነው የገዛት። የቤት ኪራዩም፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያም፣ የጤፉም ዋጋ የሚወጣው ከእሷ ነው። እሷ መብራት ላይ በተንዘፈዘፈች ቁጥር የእሱም ሆድ አብሮ ይንዘፈዘፋል።

ይህ ታሪክ የአንድ መኪና ብልሽት ታሪክ ነው። ግን መጨረሻው ላይ የሚጎዳው መኪናው አይደለም።

*

ጋራዥ ውስጥ እንዲህ ያለው ችግር "በሦስት ነው የምትሠራው" ይባላል። ከአራቱ ሲሊንደር አንዱ ሥራ አቁሟል ማለት ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል። አንድ ሲሊንደር እንዲቃጠል ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፤ በልኩ የተደባለቀ አየርና ቤንዚን፣ በደንብ የታመቀ ግፊት፣ እና በሰዓቱ የሚመጣ እሳት። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ያ ሲሊንደር ተራውን ይዘላል። መኪና ቆማ በሚኒሞ ስትሠራ ሞተሩ በደቂቃ 800 ጊዜ ያህል ይዞራል። እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንዴ ስለሚያቃጥል በደቂቃ 400 ጊዜ ተራ ይደርሰዋል። ከእነዚያ ውስጥ ጥቂቶቹ ሲዘለሉ ሰው መቀመጫው ላይ ያውቀዋል።

የመኪናዋ ኮምፒውተርም ያውቃል። የሚያውቀው ግን እሳቱን አይቶ አይደለም። የሞተሩን ዘንግ ፍጥነት የሚለካ ሴንሰር አለ። አንድ ሲሊንደር ሳያቃጥል ሲቀር ዘንጉ ለቅጽበት ይዘገያል። ኮምፒውተሩ "አሁን የማን ተራ ነበር?" ብሎ ይቆጥርና የዘለለውን ሲሊንደር ቁጥር ይመዘግባል። ኮዱ ፒ0301 ከሆነ አንደኛው፣ ፒ0302 ከሆነ ሁለተኛው፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

የዚህች ያሪስ ኮድ ፒ0302 ነበር። ስካነር የሰካ ሁሉ ይህንኑ አነበበ። ሁለተኛው ሲሊንደር።

እዚህ ላይ ነው ሰው ሁሉ የሚሳሳተው። ስካነሩ የሚናገረው ቦታውን ነው። ጥፋተኛውን አይናገርም። "ሁለተኛው ቤት ውስጥ የሆነ ነገር አለ" ማለትና "ሁለተኛው ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሌባ ነው" ማለት ይለያያል።

*

መጀመሪያ የሄደበት ጋራዥ ውስጥ የተቀበለው አንድ ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ወጣት መካኒክ ነበር። እጁ ፈጣን ነው፣ ስካነር አጠቃቀም ያውቃል፣ ሰው ያከብራል። ኮዱን አነበበና "ጋሼ፣ ካንዴላ ነው መሰለኝ። ለማንኛውም አራቱንም እንቀይርና እንየው" አለ። አራት ካንዴላ 3,600 ብር ተገዛ። አሮጌዎቹ ተነቅለው ባልዲ ውስጥ ተጣሉ። መኪናዋ ለአራት ቀን ደህና ሆነች።

በአምስተኛው ቀን ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ ተመልሶ መጣ።

"እንግዲያው ኮይል ነው" አለ ልጁ። በዚህች መኪና ላይ እያንዳንዱ ካንዴላ የራሱ ኮይል አለው። አዲስ ኦሪጅናል ስላልቻለ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ በ5,500 ብር ተገዛና ሁለተኛው ላይ ገባ። ልጁ ሥራውን ጨርሶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ "አሮጌዋን ኋላ አስቀምጬልዎታለሁ ጋሼ" አለ። ሹፌሩ ስልክ ላይ ስለነበር ራሱን ነቅንቆ ሄደ። መኪናዋ ዘጠኝ ቀን ደህና ሆነች።

በአሥረኛው ቀን ቦሌ ላይ ተሳፋሪ እንደጫነች ተንዘፈዘፈች። ተሳፋሪው ወርዶ ሌላ መኪና ጠራ።

የዚያን ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሹፌሮች በሚሰበሰቡበት ቁርጥ ቤት በር ላይ አንዱ ባልደረባው የጠየቀው ጥያቄ ነው ነገሩን ያበላሸው። "ኮይሉን ሲቀይር አይተሃል?" አለው። "አላየሁም።" "አሮጌው የታለ?" "ኋላ አስቀምጫለሁ ብሎኝ ነበር።" ሄደው ኮፈኑን ሳይሆን የኋላውን ከፈቱ። ክሪክ አለ፣ የሞተር ዘይት አለ፣ የልጆች ጃኬት አለ። ኮይል የለም። ባልደረባው ሳቅ አለና "ወንድሜ፣ ያንተን ኦሪጅናል ነቅሎ ሸጧታል። ያስገባልህ የሞተ ነው። ይሄ እኮ የታወቀ ነው" አለው።

አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ለማመን ማስረጃ የሚፈልግ ባለመኪና የለም። ስንቱ ነው ደህና ዕቃው ተነቅሎ በፎርጂድ የተተካበት? ስንቱ ነው ያልተቀየረ ዘይት የከፈለበት? ጥርጣሬው ከሜዳ የመጣ አይደለም። ግን ብዙ ሌቦች መኖራቸው ይህኛው ሌባ መሆኑን አያረጋግጥም። ሹፌሩ ያንን ለመለየት ጊዜ አልሰጠም። ጋራዡ ድረስ ሄዶ ደንበኛ በሞላበት ጮኸ። ልጁ "ጋሼ በእውነት ኋላ አለ፣ ይፈልጉት" ቢል አልሰማውም። አመሻሹ ላይ ደግሞ የልጁን ፎቶ ሹፌሮች ባሉበት የቴሌግራም ቡድን ላይ ለጠፈና "ይሄን ሌባ ተጠንቀቁ" ብሎ ጻፈበት። ፎቶው ከቡድን ወደ ቡድን ዞረ። በሦስተኛው ቀን የጋራዡ ባለቤት ስሙን ለማዳን ልጁን አሰናበተው።

ሹፌሩ ይህን ሲሰማ ደስ አላለውም፤ አላዘነምም። "ሌላው ይማርበታል" አለ። መኪናዋ ግን አሁንም መብራት ላይ ትንዘፈዘፋለች።

*

ሁለተኛው ጋራዥ ዘመናዊ ነው። የተጣራ ወለል፣ ዩኒፎርም፣ ደረሰኝ። እዚያ ኢንጀክተሮቹ ወጥተው በማሽን ታጠቡ፤ 2,500 ብር። ስድስት ቀን ደህና ሆነች። ሲመለስ "ፓምፑ ደክሟል" ተባለ። የቤንዚን ፓምፕ 11,000 ብር። ያቺን ገንዘብ ሚስቱ ለሌላ ጉዳይ ካስቀመጠችው ነው ያወጣችለት። ፓምፑ ተቀይሮ ከጋራዡ ሲወጣ፣ ገና ዋናው መንገድ ላይ ሳይደርስ ተንዘፈዘፈች። በድምሩ ከነእጅ ዋጋው 26,600 ብር ወጥቷል።

ቤት ገብቶ መኪናዋን ለመሸጥ እንዳሰበ ሲናገር ሚስቱ "ስትሸጥ ለገዢው ምን ልትለው ነው? ቤንዚኑ ነው ልትለው?" አለችው። ሳቀ፤ ግን እንቅልፍ አልወሰደውም።

*

ሦስተኛው ሰው ጋራዥ የላቸውም ማለት ይቻላል። ቂርቆስ ውስጥ ቆርቆሮ የለበሰች፣ አንድ መኪና ብቻ የምትይዝ ቦታ ናት። በአንድ መሥሪያ ቤት ጋራዥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ገና ሰላምታ እንደጨረሱ የተናገሩት ነገር ሹፌሩን አስደነገጠው።

"ለማየት 1,500 ብር እቀበላለሁ። ባገኘውም ባላገኘውም።"

"ባያገኙትም?"

"ባላገኘውም። ለዕቃ አይደለም የምትከፍለኝ። ለጊዜዬና ለጆሮዬ ነው።"

ሹፌሩ ለደቂቃ ያህል ቆሞ አሰበ። 11,000 ብር ለፓምፕ ሲከፍል እንዲህ አላሰበም፤ ያኔ በእጁ የሚጨበጥ፣ በካርቶን የታሸገ ነገር ነበር። አሁን የሚከፍለው ለምንም ነው። በመጨረሻ "እሺ ጋሼ" አለ።

ሽማግሌው ኮፈኑን አልከፈቱም። ዱካ ላይ ተቀምጠው ጠየቁት። ሲነሳ ነው ሲሞቅ? ሜዳ ላይ ነው ዳገት? ኮብልስቶን ላይ ይብሳል? የተቀየረው ምንድን ነው? በየትኛው ቅደም ተከተል? ከእያንዳንዱ በኋላ ስንት ቀን ደህና ሆነች? ሹፌሩ መለሰ፦ ካንዴላ አራት ቀን፣ ኮይል ዘጠኝ ቀን፣ የኢንጀክተር እጥበት ስድስት ቀን፣ ፓምፕ አንድም ቀን።

ሽማግሌው ይህን ሁለት ጊዜ አስደገሙት።

"ሦስት የተለያየ መድኃኒት አንድን በሽታ ለጥቂት ቀን ካስታገሠ፣ ያስታገሠው መድኃኒቱ አይደለም" አሉ። "በሦስቱም ውስጥ የነበረ ሌላ ነገር ነው። ፓምፑ ሲቀየር ኮፈን ተከፍቷል?"

"አልተከፈተም። ከኋላ ወንበር ሥር፣ ሰልባትዮው ላይ ነው የሠሩት።"

"ይኸውልህ። ካንዴላውም፣ ኮይሉም፣ ኢንጀክተሩም ሲሠሩ ግን አንድ ሰው እጁን ሞተሩ ላይ አስገብቷል። ፓምፑ ሲቀየር ማንም አልነካውም፤ ለዚህ ነው ያልተሻላት። ደግሞም ፓምፕ ለአራቱም ሲሊንደር ነው የሚሰጠው። ቢደክም ኖሮ ሁለተኛውን ብቻ ለይቶ ለምን ያስርበዋል?"

ይህን ያሉት አንድ ቁልፍ ሳያነሱ ነው። 26,600 ብር የወጣበት ጥያቄ ግማሹ ዱካ ላይ ተቀምጦ ተመለሰ።

*

ከዚያ አብረው ወጡ። ሽማግሌው ከጎን ተቀምጠው እስክትሞቅ ድረስ በጎተራ በኩል ዞሩ። መንዘፍዘፍ ስትጀምር "አታጥፋት፣ ቀስ ብለህ መልሳት" አሉ። ቆርቆሮዋ ቤት ሲደርሱ ሞተሩ እየሠራ ኮፈኑን ከፈቱና የሹፌሩን እጅ ያዙት። "ምንም እንዳትነካ። አሁን የምንፈልገው ሌባ እዚሁ ነው። ከነካነው ይሸሻል።"

ረጅም ካቻቪቴ አመጡ። ጫፉን አንደኛው ኢንጀክተር ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ሥር አጥንቱ ላይ አደረጉ። ኢንጀክተር በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ትንሽ በር ነው፤ በተከፈተ ቁጥር ይቀጨቅጫል። በካቻቪቴ ሲሰማ የሰዓት ድምፅ ይመስላል። አንደኛው፦ ቀጭ ቀጭ ቀጭ። ሦስተኛው፦ ቀጭ ቀጭ ቀጭ። አራተኛውም እንዲሁ። ሁለተኛው ላይ ቆዩ። ካቻቪቴውን ለሹፌሩ ሰጡት። "ስማ።"

ዝም ብሏል። አንዳንዴ አንድ ሁለት ጊዜ ቀጭ ይልና እንደገና ጭጭ።

ሽማግሌው በሌላ እጃቸው ወደ ሁለተኛው ኢንጀክተር የምትሄደውን ሽቦ በሁለት ጣት ገፋ አደረጓት። በዚያች ቅጽበት ሹፌሩ ጆሮ ውስጥ ቀጭ ቀጭ ቀጭ ጀመረ። ሞተሩ ተረጋጋ። መንዘፍዘፉ ቆመ። ሲለቋት ተመለሰ። ሲገፏት ቆመ።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ሥራው አልቋል ይል ነበር። እሳቸው አላሉም። "ይሄ የመጀመሪያው ምስክር ነው፤ አንድ ምስክር አይበቃም" ብለው ሞተሩን አጠፉና የሁለተኛውን ካንዴላ ፈቱ። ደረቅ ነው። አሸተቱትና ለሹፌሩ አሸተቱት። ቤንዚን ቤንዚን አይልም። ኮይል ሞቶ እሳት ቢጠፋ ኖሮ ኢንጀክተሩ ቤንዚን መርጨቱን ይቀጥላል፤ ያ ሳይቃጠል የቀረ ቤንዚን ካንዴላውን ያረጥበዋል። ደረቅ ካንዴላ የሚናገረው ሌላ ነገር ነው፦ እሳቱ ነበር፣ የጠፋው ነዳጁ ነው። ይህ ምስክር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያው ነበር። የመጀመሪያዎቹ አራት ካንዴላዎች ሲነቀሉ አንዱ ከሌሎቹ እንደሚለይ ያየ አልነበረም። ባልዲ ውስጥ ገቡ።

ቀጥለው የግፊት መለኪያ አስገብተው አራቱንም ለኩ። ከ135 ፒኤስአይ ብዙም ሳይርቅ አራቱም ተቀራራቢ ሆኑ። ሹፌሩ ስልኩ ላይ ፈልጎ "ጋሼ፣ እዚህ ከዚህ በጣም የሚበልጥ ነው የሚለው" አለ። ሽማግሌው ሳቁ። መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር ለባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ሞተሩ የሚያምቀው ያገኘውን አየር ነው። ይህን ያላወቀ መካኒክ ጤነኛ ሞተር ፈትቶ ፋሻ ይቀይራል። እዚህ ከተማ ውስጥ መታየት ያለበት አራቱ እርስ በርስ መመሳሰላቸው ነው።

በመጨረሻ ሽቦዋ የተጠቀለለችበትን ፕላስተር ገለጡት። ላይዋ ደህና ነው። ፕላስቲኳ አልተቀደደም፣ አልተቃጠለም። ሽማግሌው በጣታቸው ሲያጥፏት ግን ከሶኬቱ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ እንደ ክር ተጣጠፈች። በምላጭ ሰነጠቋት። ውስጧ ያለው መዳብ አረንጓዴ ሆኖ ተበጥሷል። ሲቀዘቅዝ ሁለቱ ጫፎች ይነካካሉ። ሲሞቅና ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ይለያያሉ። አንድ ሰው ኮይል ልቀይር ብሎ ሽቦዎቹን ገፋ ሲያደርጋቸው እንደገና ይገጥማሉ፤ ለአራት ቀን፣ ለዘጠኝ ቀን፣ ለስድስት ቀን።

አንድ ስንዝር የማትሞላ ሽቦ ተቀጥላ፣ በስታኞ ተበይዳ፣ ተሸፈነች።

*

ሽማግሌው ዕቃቸውን እየሰበሰቡ "አሮጌዋ ኮይልህ የታለች? ለመጠባበቂያ ትሆንሃለች" አሉ። ሹፌሩ የሌባውን ልጅ ታሪክ ነገራቸው። ፎቶውንም አሳያቸው። ሽማግሌው ፎቶውን ትክ ብለው አዩና ምንም ሳይሉ ወደ መኪናዋ ኋላ ሄዱ። ክሪኩን አነሱ፣ ጃኬቱን አነሱ፣ ምንጣፉን ገለጡ፣ የስኮርታውን ጎማ ከፍ አደረጉ። ከጎማው ሥር በፌስታል የተጠቀለለች ነገር ነበረች።

ኮይሏን ሁለተኛው ላይ አስገብተው ሞተሩን አስነሱ። እንደ ሰዓት ሠራች።

ሹፌሩ ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። በኋላ "ከላይ ነው ያየሁት" አለ። "ጎማውን አላነሳሁም።"

"ሰው ሁሉ ከላይ ነው የሚያየው" አሉ ሽማግሌው፤ ብሩን ቆጥረው ኪሳቸው ከተቱ።

*

"ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ" የሚለውን ተረት የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ጋራዥ ሲገባ ግን የሚያስታውሰው የለም። ለዚህ አንዱ ምክንያት ባለመኪናው ራሱ ነው። ሰው ለዕቃ ይከፍላል፤ ለማወቅ አይከፍልም። መካኒኩ ሁለት ሰዓት ሲጠይቅ፣ ሲያዳምጥ፣ ሲለካ ቢውልና "ሽቦ ነው" ቢል፣ "ለሽቦ ይሄን ሁሉ?" ይባላል። ሃያ ደቂቃ ውስጥ ካንዴላ ቀይሮ ቢሸኝ ግን ይከፈለዋል፣ ይመሰገናል። በዚህ ገበያ ውስጥ ያደገ ወጣት መካኒክ ምን ይማራል? መቀየር ይማራል። ያ ልጅ ሌባ አልነበረም፤ ግን መርማሪም አልነበረም። ያንን ደረቅ ካንዴላ ሳያየው ጥሎታል። እንዳያየው ያስቸኮለው ደግሞ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን የሚያየው ሹፌር ነው።

ነገሩ ከዚህ በኋላ የበለጠ ነው የሚከብደው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ከባድ ቀረጥ ጫነባቸው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የመለዋወጫ ዋጋ አብሮ ተሰቀለ። አሁን መንገድ ላይ ያሉት ቪትዝ፣ ያሪስና ኮሮላዎች የሚቀጥሉትን ብዙ ዓመታት ይሠራሉ ተብሎ ነው የሚጠበቀው። እርጅና ደግሞ የሚመጣው በትልቅ ዕቃ ብቻ አይደለም። በተበጠሰ መዳብ፣ በላላ ሶኬት፣ በተሰነጠቀ ጎማ ቱቦ ነው የሚመጣው። እነዚህ በመቀየር አይገኙም። በመፈለግ ነው የሚገኙት።

የጋራዡን ቋንቋ ልብ ብሎ የሰማ አንድ ነገር ያስተውላል። ካንዴላ፣ ካቻቪቴ፣ ሰልባትዮ፣ ማርሚታ፣ ፍሬን፤ እነዚህ ከጣልያን የቀሩ ቃላት ናቸው። ኮይል፣ ኢንጀክተር፣ ሴንሰር፣ ስካነር ደግሞ በኋላ የመጡ። ሽማግሌውና ወጣቱ የሚነጋገሩት በእነዚህ በሁለቱ ነው። በዚህች ያሪስ ላይ ስካነሩ ብቻውን አልበቃም፤ ካቻቪቴውም ብቻውን ቢሆን ከአራቱ የቱን እንደሚያዳምጥ ለማወቅ ይዘገይ ነበር። ስካነሩ ቦታውን ነገረ፣ ካቻቪቴው ምክንያቱን። የጠፋው ሁለቱን በአንድ ጋራዥ፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያገናኝ ነው። ልጁ ያንን ጆሮ ከማን ይማር?

መኪና የሚነዳ ሰውም ቢያንስ ሦስት ነገር ይዞ ቢገባ ገንዘቡን ያድናል። መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚተው ጽፎ መያዝ። የተነቀለ ዕቃ ከመጣሉ በፊት በዓይኑ ማየትና መረከብ። አንዱን ሲሊንደር ከጠረጠሩ ደግሞ አዲስ ከመግዛት በፊት ዕቃውን ከጎረቤቱ ጋር እንዲያቀያይሩ መጠየቅ። ችግሩ ከዕቃው ጋር ወደ ሦስተኛው ከተዛወረ ጥፋቱ የዕቃው ነው። ዕቃው ሄዶ ችግሩ ሁለተኛው ላይ ከቀረ ዕቃው ንጹሕ ነው። ይህ አንድ ብር አያስወጣም። ሌላም፦ ያቺ የሞተር ምልክት ብልጭ ድርግም ስትል "እስከ ማታ ልሥራና" አይባልም። ሳይቃጠል የሚወጣ ቤንዚን ካለ ጭስ ማውጫው መስመር ላይ ያለውን ካታሊስት አግሎ ያበላሻል፤ እሱ ከካንዴላ ጋር የሚወዳደር ዋጋ የለውም።

ይህ ሁሉ ለመኪና ነው። ለሰው የሚሆነውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። "ባልደረባው እንዲህ አለ" ኮድ ነው። "ዕቃው ከላይ አልታየም" ኮድ ነው። ቦታ ይጠቁማል እንጂ ፍርድ አይሰጥም። ሹፌሩ ኮዱን አነበበና ሰውዬውን ቀየረ። ብልሽቱ ቀረ።

*

ሹፌሩ ማታውኑ የለጠፈውን አጠፋ። ሌላ ጽሑፍም ጻፈ፤ ልጁ ንጹሕ እንደሆነ፣ ኮይሏ ከስኮርታው ሥር እንደተገኘች፣ ስህተቱ የራሱ እንደሆነ። የመጀመሪያውን ለማሰራጨት አንድ ምሽት በቅቶት ነበር። ሁለተኛውን ማንም ወደ ሌላ ቡድን አላስተላለፈውም። አንድ ሰው ብቻ ከሥሩ የአውራ ጣት ምልክት አደረገበት።

ወደ ጋራዡ ሄዶ ለባለቤቱ ነገረው። ባለቤቱ "ሌላ ልጅ ቀጥሬያለሁ እኮ" አለ። ልጁን ለማግኘት አንድ ሳምንት ፈጀበት። ጀሞ አካባቢ መኪና ሲያጥብ አገኘው። ልጁ ሲያየው ውኃውን ዘጋና ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ሊመታው የመጣ መስሎት ይሆናል።

ሹፌሩ ያዘጋጀውን ንግግር ጀመረው፣ መሀል ላይ ጠፋበት። "ስኮርታው ሥር ነበረች" ብቻ አለ። "አስቀይሜሃለሁ። ይቅርታ አድርግልኝ።"

ልጁ ወዲያው አልመለሰም። ፊቱ ላይ ምንም የተፈታ ነገር አልነበረም። "እናቴም ፎቶውን አይታዋለች" አለ። ሹፌሩ አንገቱን ደፋ። ይህን የሚጠግን ዕቃ ሶማሌ ተራም የለም።

ሊሄድ ሲዞር ልጁ ጠራው።

"ጋሼ።"

"አቤት።"

"ታዲያ ምን ነበር ችግሩ?"

ሹፌሩ ተመልሶ መጣ። ኮፈኑን ከፈተና የተቀጠለችውን ሽቦ አሳየው። ስለ ካቻቪቴው፣ ስለ ደረቁ ካንዴላ፣ ስለ ፓምፑ ነገረው። ልጁ እጁን በሱሪው ጠርጎ ሽቦዋን በሁለት ጣት ያዛት፤ ጎንበስ ብሎም ለረጅም ጊዜ አያት።

"ካንዴላውን አይቼው ቢሆን ኖሮ" አለ፤ ለራሱ እንጂ ለሹፌሩ አይመስልም ነበር።